መልስ፦ ስለ አንጎል ጤናና እርጅና ምን ይነበብ?

እህቴ፣ እናትሽ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ መርሳት ስላበዙ ምን ላንብብ ብለሻል። በመጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውን የመርሳት በሽታ መከላከያ መመሪያ አንብቢ፤ በነጻ ይገኛል። ቀጥሎ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 ያወጣው ዘገባ አለ። ረጅም ስለሆነ ከማጠቃለያው ጀምሪ። ደም ግፊትን፣ ስኳርንና ከሰው መገለልን ጨምሮ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ይዘረዝራል፤ እነዚህ ቢወገዱ 45 በመቶ ያህሉን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ይገምታል።

እኔ አብዝቼ የምመክርሽ ከ14ቱ አንዱ ስለሆነው የመስማት ችግር የሚናገረውን የዘገባውን ክፍል ነው። እኛ ዘንድ ጆሮ ሲከብድ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። በደንብ የማይሰማ ሰው ቡና ላይ ተቀምጦም ጨዋታው ያመልጠዋል፤ ቀስ በቀስ መምጣቱንም ይተዋል። እናትሽ ስታናግሪያቸው ከንፈርሽን የሚያዩ፣ ቴሌቪዥኑንም በጣም ከፍ የሚያደርጉ ከሆነ ጆሯቸውን አስመርምሪ። የድሮ ሰፈራቸውን እድርም እንዳያቋርጡ አግዣቸው፤ ታክሲው ቢርቅም ይሂዱ።

ንባቡ ግን ሐኪም ቤት መሄዱን አያዘግይብሽ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ ችግርና ድባቴም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።