ኤሞንስ ፑሽ-ፑል ልግዛ ወይ ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አየሁት። አንድ አዛውንት በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) የተሠራ ባለ ሁለት አንገት፣ ማለትም ሁለት የክር ረድፍ ያለው፣ ኤሞንስ ፑሽ-ፑል ፔዳል ስቲል ጊታር ሊሸጡልህ ነው። በዚያው ገንዘብ አዲስና ቀለል ያለ መግዛት ትችላለህ። ተጫዋቾቹ ለዚህ አሮጌ ዕቃ ለምን እንዲህ እንደሚሳሱ፣ ለአማርኛ መዝሙርም ይሆን እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔ ናሽቪል ስኖር 14 ዓመቴ ነው። ፑሽ-ፑል ላይ ከተቀመጥኩ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። በአንድ መስመር የሚመለስ ስላልመሰለኝ ረዘም አድርጌ ጻፍኩልህ።

መሣሪያውን ለማያውቁት የግሩፑ ልጆች በአጭሩ ልንገራቸው። ፔዳል ስቲል እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ የሚቆም ጊታር ነው። ተጫዋቹ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። በግራ እጁ ባር የሚባል ድቡልቡል ብረት ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ በቀኝ እጁ ይመታል። በእግሩ ፔዳል ይረግጣል፣ በጉልበቱ ሊቨር ይገፋል። ያኔ ከሥር ያሉት ዘንጎች ክሩን ወይ ይወጥሩታል ወይ ያላሉታል። ድምፁ ገና ሳይሞት ቅኝቱ ይቀየራል። በልጅነቱ ዶን ዊሊያምስን ወይም ዶሊ ፓርተንን በሬዲዮ የሰማ ሰው ያንን ሆድ የሚያባባ ድምፅ ያውቀዋል። ስሙን ባያውቀውም።

የእኔ የመጀመሪያ ስቲል ለጀማሪ የተሠራ፣ አንድ አንገት ያለው፣ ከማላውቀው ሰው በኢንተርኔት የገዛሁት ነበር። ዘንጎቹ ጎብጠው ደረሱኝ። ሁለት ዓመት በእሱ ተማርኩ። ፔዳል ስረግጥ ኖታው ይመጣል፣ ሁሉም ነገር በቦታው ነው፤ ግን የሆነ ነገር ይጎድል ነበር። ምን እንደሆነ ያወቅኩት እዚሁ ናሽቪል፣ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ ነው። እዚያ ሮበርትስ የሚባል ቤት አለ፣ የድሮ ካንትሪ የሚጫወቱበት። ቤቱ ቀድሞ የሾ-ባድ ስቲል ጊታር ሱቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቀን ገባሁ። መድረኩ ላይ ያለው ሰው ጥቁር ፎርማይካ (ጠንካራ የፕላስቲክ ልባስ) የለበሰ ኤሞንስ ነበረው። አንድ ኮርድ መታና እጁን አነሳ። ድምፁ ቤቱ ውስጥ ቆመ። ሰው እያወራ፣ ብርጭቆ እየተጋጨ፣ ከሁሉም በላይ ያ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ደግሞ አይጮኽም። የታችኛው ክር እንደ ፒያኖ ነው፣ የላይኛው ደግሞ ጆሮ አይወጋም። ከዚያ ቀን በኋላ የራሴን ጊታር ስመታ የሚጎድለኝን አወቅኩት።

ድምፁ ለምን እንዲህ እንደሆነ ያሳዩኝ ጡረታ የወጡ አንድ ጠጋኝ ናቸው። ጋራዣቸው ውስጥ ጊታሩን ገልብጠው ሳጥኑ ላይ አስተኙትና በእጅ ባትሪ ከሥሩ አበሩልኝ። ከዚያ «አውራ ጣትህን እዚህ አድርግ» አሉኝ። በክሩ መጨረሻ ላይ ክሩ የሚታጠፍባት ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ አለች። እነሱ ጣት ነው የሚሏት። ፔዳሉን በእጃቸው ሲገፉት ጣቷ ተሳበች። ሲለቁት ቀጭ ብላ ተመለሰችና ገላው ላይ ገጠመች። ያቺን ቀጭታ በአውራ ጣቴ ሰማኋት።

ነገሩ ይሄ ነው። በዛሬዎቹ ጊታሮች አብዛኞቹ ላይ ጣቷ ለሁለት የተከፈለች ናት። አንዷ ክሩን ለማውጣት፣ ሌላዋ ለማውረድ። ሁለቱም በዘንግ ይሳባሉ፤ ኦል-ፑል የሚባለው ይህ ነው። ለማስተካከል ቀላል ነው፣ ፔዳሉም ለእግር ይለሰልሳል። ፑሽ-ፑል ግን ጣቷን አልከፈላትም። ለማውጣት ይስባታል፣ ለማውረድ ይገፋታል፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ሳትነካ ስትቀር ከጊታሩ ገላ ጋር ድርቅ ብላ ተያይዛ ነው የምትቀመጠው። የክሩ ንዝረት ወደ እንጨቱ የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ተጫዋቾቹ ድምፁ ከዚያ ነው የሚመጣው ይላሉ። እኔም ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን አድርጌ፣ በአንድ አምፕ (ድምፅ ማጉያ)፣ በአንድ ባር ሞክሬያለሁ። በእኔ ጆሮ ልዩነቱ አለ። ዓይኔን ጨፍኜም እለየዋለሁ።

ፍቅሩ ግን ከብረቱ ብቻ አይደለም። ይህ መሣሪያ ከመጀመሪያውም ሠሪና ተጫዋች ተቀራርበው የወለዱት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳውኒ የሚባል ከተማ ፖል ቢግስቢ የሚባል ሰው ነበር። ሙያው የሞተር ሳይክል አካል ሞዴል መሥራት ነው። በ1948 ለስቲል ተጫዋቹ ስፒዲ ዌስት ባለ ሦስት አንገት፣ ባለ አራት ፔዳል ስቲል ሠራለት። አሉሚኒየሙን ራሱ ያቀልጣል፣ ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን) ራሱ ይጠመጥማል። ይህን ሁሉ የሚሠራው በትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ፣ በትእዛዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የሠራቸው ጥቂት ናቸው፣ ዛሬ አንዱን ያገኘ ሰው እንደ ታቦት ነው የሚይዘው። ስቲል ተጫዋቹ ባድ አይዛክስ በዘፋኙ ዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» ላይ ክሩ እየጮኸ እያለ ፔዳሉን የረገጠው በቢግስቢ ነው። ዘፈኑ በ1954 አገሩን አዳረሰ። ከዚያ በፊት ፔዳል ማለት በዘፈን መሀል ቅኝት መቀየሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ራሱ ዜማ ሆነ፤ ስቲል ተጫዋቹ ሁሉ ፔዳል ፍለጋ ወጣ።

ባዲ ኤሞንስ የመጣው በዚያ ወቅት ነው። የኢንዲያና ልጅ ነው። በ1955 ገና በ18 ዓመቱ ከካንትሪ ዘፋኙ ሊትል ጂሚ ዲከንስ ጋር ሊጫወት ናሽቪል ገባ። አይዛክስ በአንድ ፔዳል ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ያወጣ ነበር፤ ኤሞንስ ያንን ለሁለት ፔዳል ከፈለው። ዛሬ ሁላችንም የግራ እግራችንን የምናወዛውዘው በእሱ መንገድ ነው። ከሾት ጃክሰን ጋር ሾ-ባድን መሠረተ፤ ስሙ ራሱ ሾት እና ባዲ ከሚለው የመጣ ነው። በ1963 ተለየና ከሮን ላሽሊ ጋር ሰሜን ካሮላይና በርሊንግተን ውስጥ የኤሞንስን ኩባንያ ጀመሩ። ልብ በል፣ ጊታሩን ያሰበው ሰው ራሱ በየቀኑ የሚጫወት ሰው ነው። የጉልበቱ ሊቨር የት ቢሆን እንደሚመች፣ ፔዳሉ ስንት ቢወርድ እግር እንደማይደክም ከራሱ ገላ ያውቀዋል። በ2015 ባዲ ሲያርፍ እዚህ ከተማ የማውቃቸው ተጫዋቾች እንደ አባት ነው ያለቀሱት። ስለ ጊታሩ ሲያወሩ ስለ እሱ እያወሩ ነው።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ፤ ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ከአንተ ራቅ ያለው አንገት ኢ ናይን ይባላል። በላዩ ላይ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ እና ቢ ተቃኝተው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ፔዳል ስትረግጥ ቢ ወደ ሲ ሻርፕ ይወጣል። ቁጠራቸው። ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ። ትዝታ ሜጀር ነው! ያልተጨመረ፣ ያልተቀነሰ። ባሩን ሦስተኛው ፍሬት (የኖታ መስመር) ላይ ብታደርገው ትዝታው እንዳለ ወደ ጂ ይሄዳል። ይህን ያገኘሁበትን ሌሊት አልረሳውም። ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ እስከ ንጋት አልተነሳሁም።

ባቲም አለ። ሁለተኛውን ፔዳል ስትረግጥ ጂ ሻርፕ ወደ ኤ ይወጣል። ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ፣ እና ሁለተኛው ክር ላይ ያለው ዲ ሻርፕ፤ ባቲ ሜጀር ይልሃል። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን እንዲህ ተዘጋጅተው አይጠብቁህም። ባሩን ማንሸራተት፣ አንዳንዱን ድምፅ መዝለል ይጠይቃሉ። እነሱ ላይ እስከ ዛሬ እየሠራሁ ነው።

ደግሞ ኖታው ብቻ አይደለም። ፔዳሉን ቶሎ አትርገጠው። ቀስ አድርገህ፣ እንደ ማሲንቆ ጣት፣ ቢው ወደ ሲ ሻርፕ እያዘገመ ይውጣ። እናቴ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ደውላ ስትሰማኝ «ማሲንቆ ገዛህ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። በቪዲዮ ሳሳያት አላመነችም። ፑሽ-ፑል ላይ ይህ ነገር ይበልጥ የሚያምረው ድምፁ ስለሚቆይ ነው። ክሩ አንዴ ተመትቶ፣ ሦስት አራት ቦታ እስኪሄድ አይሞትም። ዘማሪው ትንፋሽ ሲወስድ አንተ ከሥሩ ይዘህለት ትቆያለህ።

ለመዝሙር ይሆናል ወይ ላልከው፣ አሜሪካ ውስጥ ሀውስ ኦፍ ጎድ የሚባሉ የጥቁሮች ጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያናት ስቲልን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለአምልኮ ይጠቀሙበታል። ታዋቂው ስቲል ተጫዋች ሮበርት ራንዶልፍ ያደገው እዚያ ነው። በአፍሪካም እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ናይጄሪያዊው ዴሞላ አዴፖጁ ከኪንግ ሰኒ አዴ ባንድ ጋር ጁጁ ሙዚቃን በፔዳል ስቲል ተጫውቶበታል። ስለዚህ የካንትሪ ዕቃ ነው ለሚልህ ሰው ጆሮ አትስጥ። በቸርቻችን መጀመሪያ ሳመጣው ልጆቹ ከብበው ነበር የሚያዩት። ዛሬ በዝግታ የሚዘመር መዝሙር ካለ ቀድመው እኔን ነው የሚጠሩት።

አሁን ችግሩንም ልንገርህ፣ ካልነገርኩህ አጥፍቼብሃለሁ። አንደኛ፣ ከባድ ነው። ባለ ሁለት አንገቱ ከነሳጥኑ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት የምትኖር ከሆነ አስብበት። ፔዳሉም ከአዲሶቹ ይጠጥራል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ቅንብሩን፣ ማለትም የትኛው ፔዳል ወይም ሊቨር የትኛውን ክር እንደሚለውጥ፣ መቀየር ነው። ኦል-ፑል ላይ በግማሽ ሰዓት የምትጨርሰውን እዚህ ላይ ሙሉ ቀን ልትሠራበት ትችላለህ። አንዱን ስትነካ ሌላው ይዛነፋል። ስለዚህ ጊታሩ አሁን ያለው ቅንብር አንተ የምትፈልገው መሆኑን አስቀድመህ እወቅ። በተለይ ሦስቱ ፔዳሎች ከግራ ወደ ቀኝ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተቀመጡ ጠይቅ። የባዲ ኤሞንስና የሌላው ስቲል ተጫዋች የጂሚ ዴይ አቀማመጥ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። እግርህ በአንዱ ከለመደ ሌላው ያስቸግርሃል።

ላገኘኸው የጊታር ጠጋኝ ሁሉም አትስጠው። እኔ ሰጥቼ አልቅሻለሁ። ተራ ጊታር ብቻ የሚያውቅ አንድ ሱቅ ፔዳሉ ይለስልስ ብሎ ከሥሩ ያለውን ሁሉ በዘይት ስፕሬይ አጠበው። ለአንድ ወር ለሰለሰ። ከዚያ ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ እንደ ሙጫ ሆነና ጣቶቹ አልመለስ አሉ። ኢውን የሚያወርደው ሊቨር በተገፋ ቁጥር ክሩ ትንሽ ወርዶ ይቀራል። እሁድ በመዝሙር መሀል እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚሰማህ አስበው። ያዳኑኝ እኚያው ጠጋኝ ናቸው። በፈሳሽ የላይተር ነዳጅ ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቀው፣ ጣት በጣት አጠቡልኝ። ከዚያ በኋላ ጠብታ ዘይት ብቻ። «ከማብዛት ማሳነስ» አሉኝ፣ ገንዘብም አልተቀበሉኝም። እንዲህ ያለ ሰው በአቅራቢያህ መኖሩን ሳታረጋግጥ አትግዛ። ከሌለ ደግሞ ራስህ ለመማር ቁረጥ፤ ይቻላል፣ እኔም አሁን አብዛኛውን ራሴ ነኝ የምሠራው።

ልታይ ስትሄድ መቃኛና ጆሮህን ያዝ። እያንዳንዱን ክር ቃኝ፣ ፔዳሉን አሥር ጊዜ ረግጠህ ልቀቅ፣ ድምፁ ወደነበረበት መመለሱን እይ። የሚወርዱትን ክሮች ከሁሉ በላይ መርምር፣ በተለይ አራተኛውንና ስምንተኛውን። ጣቶቹ አናት ላይ ክሩ የቆፈረው ቦይ ካለ ድምፁ ይንዛዛል። ይሠራል፣ ግን ወጪ አለው። ፎርማይካው ቢሰነጠቅ አትጨነቅ፣ ድምፁን አይነካም። አንድ ሰው አሳምሮ ቀለም የቀባውን ይልቅ ጠርጥር።

ብቻህን በቤትህ የምትለማመድ፣ ቅንብር እየቀያየርክ መሞከር የምትወድ ከሆነ አዲሱን ግዛ፣ አትቆጭም። ሰው ፊት የምትጫወት ከሆነና ድምፁ አንተንም እንደ እኔ ከያዘህ ግን ይህን አትለፈው። ሽማግሌው ለምን እንደሚሸጡትም ጠይቃቸው፤ ብዙዎቹ ከዋጋው ይልቅ ማን እጅ እንደሚገባ ነው የሚያስጨንቃቸው። የሚጫወትበት ሰው መሆንህን ካዩ ዋጋውም ይለዝባል።

እስከዚያ አንድ ነገር አድርግልኝ። ጊታሩን ገልብጠህ በቀን ብርሃን ከሥሩ አራት አምስት ፎቶ አንሳ። ዘንጎቹ፣ የጣቶቹ ረድፍ፣ የጉልበት ሊቨሮቹ በደንብ ይታዩ። እዚሁ ለጥፈው ወይም በውስጥ ላክልኝ፣ ከእኔው ጋር እያስተያየሁ እነግርሃለሁ።