ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት ፍሬው የት እንዳለ ጠይቁ

ከአሜሪካም ከገልፍም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። «የፓልም ዘይት መጭመቂያ ማሽን በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። አገር ቤት ብወስደው ያዋጣል ወይ?» ይሉኛል። የሻጩ ቪዲዮ ያጓጓል። ቀይ ፍሬ በአንድ በኩል ይገባል፣ ቀይ ዘይት በሌላ በኩል ይወጣል። አገራችን ዘይት በውጭ ምንዛሪ እየገዛች ስለሆነ ሐሳቡ ከቅን ልብ እንደመጣ አውቃለሁ። እኔ ማሌዥያ ውስጥ በፓልም ዘይት ፋብሪካዎች ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ አትውሰዱት። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳችሁ።

የፓልም ፍሬ እንደ ሰሊጥ ወይም እንደ ኑግ መጋዘን ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም። ዘለላው ከተቆረጠ በኋላ፣ በተለይ ፍሬው ከተጋጨና ከቆሰለ፣ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ዘይቱን ያበላሸዋል። አሲዱ ይጨምራል። በድፍድፍ፣ ማለትም ገና ባልተጣራ፣ ፓልም ዘይት ንግድ ውስጥ ነፃ አሲዱ ከ5 በመቶ ካለፈ ከገዢ ጋር ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ ደህና ፋብሪካ ፍሬውን በ24 ሰዓት ውስጥ እንፋሎት ውስጥ ለማስገባት ይሮጣል። ማሌዥያ ውስጥ ሳባ ወይም ጆሆር ብትሄዱ ፋብሪካው እርሻው መሀል ተተክሎ ታገኙታላችሁ። ከተማ ውስጥ የማይሠራው ለዚህ ነው። ፍሬውን ከጋና ወይም ከኮንጎ በመርከብ አምጥቶ አዲስ አበባ መጭመቅ የሚባል ነገር የለም።

ሥራው ራሱ እንዲህ ነው። ዘለላው በ3 ባር ግፊትና በ140 ዲግሪ ገደማ እንፋሎት ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀቀላል። ይህ ኢንዛይሙን ይገድላል፣ ፍሬውንም ከዘለላው ያላቅቃል። ከዚያ የሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ፍሬውን ከዘለላው ያራግፋል። ፍሬው ይፈጫል፣ በጠመዝማዛ ብረት መጭመቂያ (ስክሪው ፕሬስ) ይጨመቃል፣ ዘይቱ ከውሃና ከጭቃው ተለይቶ ይደርቃል። በፍሬው መሀል ያለው ጠንካራ ዘር ተሰብሮ ውስጡ ያለው አስኳል ለብቻው ይሸጣል። የሱ ዘይት ከኮኮናት ዘይት ጋር ይቀራረባል፤ ሳሙና ፋብሪካዎች ይፈልጉታል። የፍሬው ጭረትና የዘሩ ቅርፊት ቦይለር ውስጥ ስለሚነድ ፋብሪካው ነዳጅ ብዙ አይገዛም። ይህን በጣም እወድለታለሁ፤ ከፍሬው የሚጣል ነገር ጥቂት ነው።

ሻጩ በቪዲዮው የማያሳያችሁ ፍሳሹን ነው። ከአንድ ቶን ፍሬ ከግማሽ ቶን በላይ ትኩስ፣ ቡናማ፣ ቅባት ያለው ፍሳሽ ይወጣል። ወንዝ ውስጥ ከገባ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርስና ዓሣውን ይፈጃል። ለዚህ ብቻ ተከታታይ ኩሬዎች ተቆፍረው ፍሳሹ ለሳምንታት ይቆይባቸዋል። መሬቱም ወጪውም ፕሮፎርማው ላይ የለም።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከ100 ቶን ፍሬ ወደ 20 ቶን ዘይትና 5 ቶን አስኳል ይገኛል። በማሌዥያ መለኪያ በሰዓት 10 ቶን የሚጨምቅ ማሽን ትንሽ ነው። ይህ ትንሽ ማሽን በዓመት 5,000 ሰዓት ቢሠራ 50,000 ቶን ፍሬ ይበላል። ከአንድ ሄክታር በዓመት 18 ቶን ብናገኝ፣ ያ ደግሞ ጥሩ ምርት ነው፣ ወደ 2,800 ሄክታር የደረሰ ተክል ያስፈልጋል። ዛፉ ማሳ ላይ ከተተከለ በኋላ ለመጀመሪያው ምርት ሦስት ዓመት ገደማ ይጠበቃል። ከዚያ በፊት ችግኝ ጣቢያ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ዓመቱን ሙሉ የተከፋፈለ 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብና ሙቀት ይፈልጋል። ድርቅ ሲያገኘው ወንዴ አበባ ያበዛል፤ የምርቱ መቀነስም ዘግይቶ ይታያል። ደጋችን አይሆነውም። ዝናባማ የሆነውን ደቡብ ምዕራባችንን የሚጠቅሱልኝ አሉ። ይሁን፤ ግን እሱ በመጀመሪያ የእርሻ ሥራ ነው፣ ማሽኑ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። በፓልም ልባችሁ ከተያዘ ዛፉ ወዳለበት ሂዱ። ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ካሜሩን ውስጥ እናቶች በትንንሽ መጭመቂያ ቀይ ዘይት ያወጣሉ። እነሱ ዘንድ ሥራውን በዓይናችሁ እዩት።

«ድፍድፉን አስመጥቼ ላጣራውስ?» የሚል ይኖራል። ማጣራት ሌላ ፋብሪካ ነው። ዘይቱ በልዩ አፈር ይነጣል፣ ከ240 ዲግሪ በላይ በቫኪዩም፣ አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ፣ ሽታው ይወጣል። ከዚያ ፈሳሹን ክፍል ከሚረጋው የሚለይ መሣሪያ ካልጨመራችሁ ዘይቱ በአዲስ አበባ ብርድ ይረጋል። ብዙ ሰው የረጋ ዘይት ሲያይ የተበከለ ይመስለዋል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ስለሆነ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ዶላሩ አለ። ድፍድፉ በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ዋጋውም በእናንተ እጅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ኢንዶኔዥያ ወደ ውጭ መላክ ስትከለክል ከሦስት ሳምንት በላይ ገበያው ተጨንቆ ነበር። ከዓለም የፓልም ዘይት አብዛኛው የሚወጣው ከእሷና ከማሌዥያ ነው።

እኔን ብትሰሙኝ ዓይናችሁን ወደ ኑግ መልሱ። ሱፍም፣ የጥጥ ፍሬም፣ አኩሪ አተርም አለ። ኑግ የራሳችን እህል ነው፣ ሕዝቡ ጣዕሙን ያውቀዋል፣ መጋዘን ይቀመጣል። ጭማቂው ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ፋጉሎ የወተት ላም ያለው ሁሉ ይፈልገዋል። የዘይቱ ትርፍ ሲሳሳ ፋጉሎው ፋብሪካውን ሲደግፍ አይቻለሁ። ሰሊጥ ግን ተጠንቀቁ፤ ዋጋውን የሚወስኑት ወደ ውጭ የሚልኩት ናቸው፣ ጨምቃችሁ አትደርሱባቸውም።

እዚህም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። እህሉ የት ነው? የአገራችን ዘይት ፋብሪካዎች በጥሬ ዕቃ እጥረት ከአቅማቸው በታች እንደሚሠሩ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ኑግ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። የዓመቱን እህል የምትገዙት ያኔ ነው፣ በጥሬ ገንዘብ። ስለዚህ ያላችሁን ሁሉ ማሽን ላይ አታፍስሱ። ግማሹን ለእህል መግዣ አስቀሩ። ከገበሬ ማኅበራትና ዩኒየኖች ጋር ውል የምትነጋገሩት ማሽኑን ካዘዛችሁ በኋላ መሆን የለበትም።

ማሽኑን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚስተው የኤሌክትሪኩን ነገር ነው። ኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ነው። አሜሪካና ሳዑዲ 60 ኸርዝ ነው። እዚያ ለሚሠራበት ተብሎ የተሠራ ሞተር እኛ ጋ ሲመጣ በዝግታ ይዞራል፣ ቮልቴጁም ላይገጥም ይችላል። በትዕዛዙ ላይ 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ሦስት ፌዝ ብላችሁ አስጽፉ። የመጭመቂያው ጠመዝማዛ ብረት ቶሎ ይበላል። ትርፍ ጠመዝማዛ አብሮ ይምጣ፣ የሚበየድበት ጋራዥም አገር ቤት ከወዲሁ ይታወቅ። የኢንቨስትመንት ፈቃዱና የቀረጥ ነፃ መብቱ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ያለቀ ይሁን። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆናችሁ መታወቂያውንም አስቀድማችሁ ያዙ። ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ አትላኩ። ጭነቱን የሚመረምር ገለልተኛ ሰው ወደብ ላይ ይኑር።

ከሁሉም በላይ ለሻጩ የኢትዮጵያ ኑግ ላኩለትና የምታምኑት ሰው ቆሞ እያየ ይጭመቀው። ዘይቱም ፋጉሎውም ይመዘን። ፋጉሎው ውስጥ የቀረው ዘይት በላብራቶሪ ይታይ። ከ10 በመቶ በጣም ካለፈ ማሽኑን ያስተካክል፣ ካልሆነም ሌላ ሻጭ ፈልጉ።