ጥያቄና መልስ፦ የቪዲዮ ጌም ሽፋኖች በግራፊክ ዲዛይን ታሪክ

ጥያቄ፦ የጌም ካርቶን ከዕቃ መጠቅለያነት አልፎ የዲዛይን ታሪክ ውስጥ የሚገባው በምን ሒሳብ ነው?

መልስ፦ የፊልም ፖስተርና የሙዚቃ ሸክላ ሽፋን በገቡበት ሒሳብ ነው። ገዢው ገና ያላየውን ነገር በአንድ ምስል ማስረዳት ቀላል ሙያ አይደለም።

ጥያቄ፦ የድሮዎቹ የአታሪ (የአሜሪካ የጌም ኩባንያ) ሽፋኖች ከጨዋታው ጋር በፍጹም አይገናኙም። ገዢን ማታለል አይባልም?

መልስ፦ እኔ አልለውም። እ.ኤ.አ. በ1977 ሠዓሊው ክሊፍ ስፖን ለ«ኮምባት» ጨዋታ ሽፋን የሠራውን ሥዕል ልብ ብለው ይዩት። ታንኩ፣ ጄቱና ባለ ድርብ ክንፉ አውሮፕላን መጠናቸውም አቅጣጫቸውም ሳይገጥም በአንድ ሰሌዳ ላይ ተደራርበዋል። ጨዋታው በተጫነበት ካሴት ውስጥ 27 ዓይነት ጨዋታ ስላለ አንድ ትዕይንት ብቻ መሳል አይበቃም ነበር፤ መደራረቡ ራሱ ይዘቱን ይናገራል። በ1980 የወጣው «አድቬንቸር» ላይ ደግሞ ተጫዋቹ በስክሪኑ የሚንቀሳቀስ አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ነው። ያ አራት ማዕዘን ጀግና መሆኑን የሚነግረን የሱዛን ጄክል ሥዕል ነው። ማሽኑ ማሳየት ያልቻለውን ሠዓሊዋ ሞላችው፤ ለእኔ ይህ የጨዋታው አካል ነው።

ጥያቄ፦ የጃፓኑ የጌም ኩባንያ ኔንቴንዶስ ለምን ሌላ መንገድ መረጠ?

መልስ፦ በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ ወድቆ ነበር። ኔንቴንዶ በ1985 እዚያ ሲገባ በጥቁር ካርቶን ላይ የጨዋታውን ምስል ከነአራት ማዕዘን ነጥቦቹ አጉልቶ አተመ። የሚገዙት ይህንኑ ነው ማለቱ ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ የዲዛይን ተማሪ ነኝ። አንድ ሽፋን ብቻ ላጥና ብል የትኛውን ይመርጡልኛል?

መልስ፦ ሳላመነታ «ኢኮ» የተባለውን ጌም ሽፋን፣ ያውም የጃፓኑንና የአውሮፓውን። የጨዋታው ፈጣሪ ፉሚቶ ኡኤዳ ከጣሊያናዊው ሠዓሊ ከጆርጆ ዴ ኪሪኮ ሥዕሎች ተነሥቶ ራሱ ሣለው። ግዙፍ ሕንፃ፣ ረጅም ጥላ፣ ከሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሮጡ ሁለት ትንንሽ ልጆች። መሣሪያ የለም፣ ወደ ገዢው የሚያፈጥ ፊት የለም። የልጆቹን ቁመት ከሕንፃው ጋር ያነጻጽሩ፤ ፍርሃቱም መተማመኑም ያለው እዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። በ2001 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ሽፋን ሌላ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያዩ ብዙ ይማሩበታል።

ጥያቄ፦ ጌም ከኢንተርኔት በሚወርድበት ዘመን ሽፋን ምን ይሠራል?

መልስ፦ ዛሬም ገዢው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ መጠኑ ግን በስልክ ላይ ከጥፍር አይበልጥም። ስለዚህ ሥራዎን ከማስረከብዎ በፊት እስከዚያ ድረስ አሳንሰው ይፈትሹት።