ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «መድኃኒቱ አልቋል ተብሎ ሌላ ተጻፈልን»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 66 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ለግፊቱ ለዓመታት ኢናላፕሪል ሲወስዱ ቆይተዋል። ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታል ሲወጡ ፋርማሲው ኢናላፕሪል አልቋል ስላለን ሐኪሙ በምትኩ ሊዚኖፕሪል ጽፎልን ከውጭ ገዛን። የቀድሞው ቤት ውስጥ ስለነበረ ሁለቱንም እየዋጡ ነው። ሰሞኑን ከመቀመጫቸው ሲነሡ ያዞራቸዋል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሁለቱን አብረው መውሰዳቸውን ዛሬውኑ ያስቁሟቸው። ሲወጡ የታዘዘው ሊዚኖፕሪል ስለሆነ እሱን ብቻ ይቀጥሉ፤ ኢናላፕሪሉን ለብቻው አስቀምጡት። ዛሬ ወይም ነገ ግን ሁለቱንም ይዘው ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ሁለቱ መድኃኒቶች በስም እንጂ በሥራ አይለያዩም። የደም ሥርን የሚያጠብብ አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚባል ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳይመረት ያግዳሉ። ሲደረቡ ግፊቱ ከሚገባው በታች ይወርዳል፣ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከፍ ይላል፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ስኳር ባለበት ሰው የኩላሊቱ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። ማዞሩ በዚህ ምክንያት የመጣ ይመስለኛል፤ የስኳር መውረድም ሊሆን ስለሚችል ግን ሲያዞራቸው ስኳራቸውን ይለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ፣ ሽንታቸው ከቀነሰ ወይም ከንፈርና ምላሳቸው ካበጠ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የመንግሥት ሆስፒታሎች አብዛኛውን መድኃኒታቸውን የሚያገኙት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፤ ከዚህም ብዙው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር ወይም ግዢ ሲዘገይ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ያኔ ሐኪሙ ከዚያው ወገን ሌላ መድኃኒት ይጽፋል። ይህ ተገቢ ሕክምና ነው። የሚያስቆጨኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ «የቀድሞውን ተዉ፣ ይህ በሱ ፈንታ ነው» የሚል ሰው አይገኝም። ሐኪሙ ፋርማሲው ይነግራቸዋል ይላል፤ የፋርማሲ ባለሙያው ከመስኮቱ ኋላ፣ ሰልፉ እየገፋው፣ «በቀን አንድ» ብሎ ከረጢቱን ያቀብላል። ከውጭ የሚሸጠው ደግሞ የቀድሞውን መድኃኒት አያውቀውም።

በአንዳንድ ሆስፒታሎች ክሊኒካል ፋርማሲስቶች ከሐኪሞች ጋር አልጋ ላልጋ እየዞሩ ሕመምተኛው ቤቱ ምን ይወስድ እንደነበር ይጠይቃሉ፤ አዲሱን ማዘዣ ከዚያ ጋር ያመሳክራሉ። እንዲህ ያለው ባለሙያ በየሆስፒታሉ በበቂ ቁጥር ሊኖር ይገባል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። እስከዚያው ሥራው በቤተሰብ ላይ ይወድቃል። አባትዎ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ሽፋኑን ሳይጥሉ፣ በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ። የፋርማሲ ባለሙያውን «ከእነዚህ ውስጥ የሚቀረው የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን በሽፋኑ ላይ ያጽፉ። በሳጥኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ የፋብሪካው መጠሪያ ስለሆነ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ያንብቡ። እዚያ ላይ ስሙ በ«ፕሪል» የሚያልቅ መድኃኒት ሁለት ካገኙ፣ ሁለቱም አብረው አይወሰዱም።

ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ብለው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚገዙ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከሊዚኖፕሪል ጋር ሲሆን ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሆስፒታል ሲደርሱ የፖታሲየምና የክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ) የደም ምርመራ እንዲታዘዝላቸው ይጠይቁ፤ ግፊታቸውም አንዴ ተቀምጠው፣ አንዴ ቆመው ይለካ።

የጤና መድን አባል ከሆናችሁ መድኃኒቱ በሆስፒታሉ አለመኖሩን በማዘዣው ላይ አስጽፉ፤ ከውጭ የገዛችሁበትን ደረሰኝም ይዛችሁ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ የወረዳችሁን የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።