ፍሬሽማን (አንደኛ ዓመት) ሆነሽ የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤቴ 3.3 ነው፣ ሜዲሲን አለቀልኝ ወይ ላልሽው

አላለቀልሽም። የዲፓርትመንት ምደባው የሚሠራው በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ አይደለም። የፍሬሽማን ድምር ውጤትሽ ይታያል፤ የ12ኛ ክፍል መግቢያ ፈተናሽም አብሮ ይታሰባል። የሁለቱ ሴሚስተር ክሬዲት እኩል ከሆነ ቀጣዩን 3.9 ብታመጪ ድምርሽ 3.6 ነው። ይበቃል አይበቃም የሚለውን የሚወስነው ግቢሽ ስንት ሰው እንደሚቀበልና ስንቱ ሜዲሲንን አንደኛ ምርጫው አድርጎ እንደሚሞላ ነው። ስለዚህ "ከዚህ ነጥብ በታች አይገባም" እያለ የሚያስፈራራሽን ሲኒየር አትስሚው።

አሁን እንዲህ አድርጊ፦

1. ግሬድ ሪፖርትሽን አውጪና ክሬዲቱን እዪ። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ከባለ 2 ክሬዲቱ እጥፍ ይመዝናል። ጊዜሽን በዚያው ልክ አካፍዪ።

2. ኮመን ኮርስ (እንደ ሎጂክና ሳይኮሎጂ ያለ፣ ሁሉም የሚወስደው) አትናቂ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ ኤ አለኝ ብለሻል፤ የጎተቱሽ እነዚህ ሊሆኑ ይችላሉ። ክሬዲቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ጂፒኤው (አማካይ ውጤትሽ) ኤው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ጎበዝ ልጅ የሚወድቀውም እዚሁ ነው፣ ፊዚክስ ላይ ሲያመሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ። የኬሚስትሪ ላብ ሪፖርቴ ዜሮ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ለካ ወረቀቱ የሌላ ሴክሽን ክምር ውስጥ ገብቷል። ያወቅኩት የዲፓርትመንት ምርጫው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ መምህሩ ደግሞ አገር ቤት ሄዷል። ያዳነኝ ሳስረክብ በስልኬ ያነሳሁት ፎቶ ነው። የምታስረክቢውን ሁሉ ፎቶ አንሺ። የተለጠፈውን ማርክም ከፋይናል በፊት ራስሽ ሄደሽ እዪ፣ ጓደኛ አትላኪ።