ሌዘር ወይስ ጨርቅ? የመኪና ወንበር ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የመኪና ወንበር ማልበስ ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆነኝ። ሌዘርም ጨርቅም ሰፍቻለሁ። ሰው ተታሎ ያሰራውንም ፈትቼ እንደገና አልብሻለሁ። ጥያቄ ላኩ ስላችሁ ይህን ያህል ይጎርፋል ብዬ አልጠበቅኩም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። «ስንት ይፈጃል?» ያላችሁኝን ዘልያለሁ፤ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ነገ ያጣላናል።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለችኝ። የወንበሩ ጨርቅ ነትቧል። ሰው ሁሉ «ሌዘር አልብሳት፣ ታምራለች» ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ?

መጀመሪያ በቃሉ እንግባባ። በታፒሰሪ (ወንበር ማልበሻ) ቤቶቻችን «ሌዘር» የሚባለው አብዛኛው ቆዳ አይደለም። ከጀርባው ጨርቅ ሆኖ ፊቱ ላይ ፕላስቲክ የተቀባ ነው። ስለዚህ አንተ የምታወዳድረው ጨርቅን ከፕላስቲክ ጋር ነው። ይህን ሳያውቁ ነው ብዙዎች የሚወስኑት።

ፕላስቲኩም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፒቪሲ ነው። ጠንካራ ነው፣ ውሃ አያሳልፍም፣ ግን ላብ ያጣብቃል። የሚያለሰልሰው ቅባት ከዓመታት በኋላ ሲተን ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሌላው ፒዩ ነው። እጅ ላይ ለስላሳ ነው፣ ቆዳ ይመስላል። ርካሹ ግን ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው እንደ ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ይላጣል። ሶፋችሁ በ3 ዓመቱ የተላጠባችሁ ሰዎች ምን እንደምል ታውቃላችሁ።

ቪትዝህን የምትነዳት አንተ ብቻ ከሆንክ፣ የምታቆማትም ጥላ ውስጥ ከሆነ፣ ጥሩ ጨርቅ አልብሳት። ሦስት ልጆች ከኋላ ካሉህ ደግሞ ጥሩ ሰው ሰራሽ ሌዘር ይገላግልሃል። «ታምራለች» የሚሉህ ሰዎች አብረውህ አይቀመጡም።

ጥያቄ፦ የራይድ ስራ ላይ ነኝ። በቀን 12 ሰዓት መኪና ውስጥ ነኝ። ጨርቁ ሽታ ይዞ አልለቅ አለኝ።

ላንተ መልሱ ቀላል ነው፤ የኋላውን ሰው ሰራሽ ሌዘር አድርገው። ክረምት ላይ የሚንጠባጠብ ጃንጥላ አለ። ቅዳሜ ሌሊት የሚያስመልሰው ተሳፋሪ አለ። ጨርቅ ላይ ከፈሰሰ ስፖንጁ ድረስ ይወርዳል፤ ሌዘር ላይ ግን ጠርገህ ቀጣዩን ትጭናለህ።

ያንተን ወንበር ግን እንደዚያ አታድርገው። 12 ሰዓት ፕላስቲክ ላይ የተቀመጠ ሰው ጀርባው ሲረጥብ ይውላል። እኔ ለሹፌሮች የምሰራው ጎንና ጎኑን ሌዘር፣ ጀርባና መቀመጫ የሚያርፍበትን መሃሉን ደግሞ አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ነው። ቀለሙ ከተመሳሰለ ማንም ልብ አይልም። መግቢያና መውጫ ላይ ታፋህ የሚፈትገው ጎን ቶሎ ስለሚያልቅ እዚያ ሌዘሩ ይጠቅምሃል።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ቆዳ መሆኑን በምን ልለይ? አንድ ደላላ ላይተር አውጥቶ አቃጥሎ አሳየኝ።

እባካችሁ በገዛ መኪናችሁ ላይ ላይተር አታስለኩሱ! የመኪና ቆዳ ፊቱ ላይ ቀለምና መከላከያ ስለተቀባ ላይተሩ የሚነካው መጀመሪያ ቅቡን ነው። ውሃ ጠብ አድርጎ «መጠጠ፣ አልመጠጠም» የሚባለውም እንዲሁ ነው። የተቀባ ቆዳ ውሃ አይመጥም።

የሚሻለው ጀርባውን ማየት ነው። ወንበሩ ስር እጅህን አስገባና የልብሱን ጫፍ ፈልግ፣ ወይም ከኋላ ዚፕ ካለ ክፈት። የቆዳ ጀርባ ቃጫ ቃጫ ያለው፣ ሲዳስሱት ጸጉራም የሚመስል ነው። ሰው ሰራሹ የተሸመነ ጨርቅ ያሳይሃል። ፊቱ ላይ ደግሞ መስመሮቹን እይ። አንድ ዓይነት ቅርጽ እየተደጋገመ ከሄደ ማሽን ያተመው ነው። ማሽን ያተመበት እውነተኛ ቆዳም ስላለ ግን በዚህ ብቻ አትፍረድ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፋብሪካ «ሌዘር ወንበር» ተብሎ የመጣ መኪናም ብዙ ጊዜ ቆዳው ሰውነት የሚነካው ፊት ላይ ብቻ ነው። ጎኑ፣ ጀርባውና የራስ መደገፊያው ኋላ ፕላስቲክ ነው። ያንን አይታችሁ ሻጩን ሌባ እንዳትሉት።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነው የምኖረው። ሌዘር ይሆነኛል?

አይሆንህም። ጨርቅ፣ ያውም ደብዘዝ ያለ ቀለም። በድሬ ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ በቁምጣ ጥቁር ሌዘር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁለተኛ አይጠይቀኝም። ዱባይና ሪያድ ያላችሁም ጠይቃችኋል። እዚያ ሌዘር የሚመች ከሆነ ወንበሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውና ከውስጥ አየር የሚነፋ ስለሆነ ነው። ያለዚያ ያው ምጣድ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ከላይ ሽፋን ላሰፋበት ነው። ሽፋኑ ሌዘር ይሁን ጨርቅ?

ይህ ጥያቄ 11 ጊዜ መጥቶልኛል። አይገርምም፤ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ አዲስ የሚገዛው አብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው። ከቻይና የሚመጡት አብዛኞቹ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ሰው ሰራሽ ሌዘር አልብሷቸው ነው የሚመጡት። ይህ ነውር አይደለም። መርሴዲስ ራሱ ለአሥርት ዓመታት ሰው ሰራሽ ሌዘር ሲያለብስ ኖሯል፣ ቶዮታም ሶፍቴክስ የሚለው አለው። የፋብሪካው ከገበያችን ጥቅል ጋር አይወዳደርም፤ በጣም ይጠነክራል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የሾፌሩንና የጋቢናውን ወንበር በበሩ በኩል ያለውን ጎን ተመልከቱ። ኤርባግ የሚል ትንሽ ጽሑፍ የተሰፋበት ካለ፣ እዚያ ውስጥ የተጣጠፈ ኤርባግ አለ። መኪናው ከጎን ሲመታ ኤርባጉ ስፌቱን ቀዶ መውጣት አለበት። ፋብሪካው ያንን መስመር የሚሰፋው ሆን ብሎ በሚበጠስ ክር ነው። እኛ ከላይ ወፍራም ሽፋን በናይሎን ክር ሰፍተን ስናጠብቅበት ኤርባጉ ሊዘገይ ወይም አቅጣጫውን ሊስት ይችላል።

እውነቱን ልናገር። ስራ በጀመርኩበት ሰሞን ይህን ሳላውቅ ስንቱን ሰፍቻለሁ። ነጋሪም አልነበረኝም። አንድ ደንበኛዬ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይዞ መጥቶ ነው ያሳየኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ስለዚህ አዲስ ወንበር ላይ ሌላ ሌዘር አትደርቡ። የግድ ካላችሁ መቀመጫውን ብቻ የሚሸፍን፣ መደገፊያውን በጎን በኩል የማይጠቀልል ይሁን። የልጆች ነገር ካሰጋችሁ የኋላው ላይ ታጥቦ የሚመለስ ጨርቅ አንጥፉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ወንበሩ ክሬም የሆነ መኪና ገዛ። በሁለት ወር ውስጥ የኔ ጂንስ ሰማያዊ አደረገው። ጦርነት ላይ ነን።

አይዞሽ፣ ጥፋቱ የጂንሱ ነው። የአዲስ ጂንስ ቀለም በሙቀትና በላብ ወደ ነጣ ያለ ሌዘር ይተላለፋል። ቶሎ ከደረስሽበት ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ለስላሳ ሳሙናና በነጭ ጨርቅ ቀስ ብለሽ ጥረጊው። ወራት ከቆየ ወደ ሽፋኑ ውስጥ ይገባና አስቸጋሪ ይሆናል። ቤንዚን፣ አሴቶንና በረኪና አጠገቡ አይድረሱ። ቀለሙን ከነመከላከያው ነው የሚያነሱት።

ተቃራኒውም አለ። ላቫጆ ቤት የሚያብለጨልጭ ፖሊሽ ቀብተው ይሰጡሻል። እሁድ ነጭ ነጠላ ለብሰሽ ትቀመጫለሽ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ቆመሽ ከኋላሽ ያሉት ሁሉ ያዩሻል። የወንበር ፖሊሽ አያስፈልግም በይ።

ጥያቄ፦ ቫዝሊን ብንቀባውስ?

አትቀቡት። ከላይ ይቀመጥና አቧራ ይሰበስባል። አቧራው ደግሞ በተቀመጣችሁ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። በወር አንዴ ወይም ሁለቴ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የልጄ ወተት ጨርቁ ወንበር ላይ ፈሰሰ። ሳምንቱ ነው፣ መኪናው አያስገባም።

ሙቅ ውሃ አትጠቀሚ። የወተቱን ፕሮቲን አብስሎ ያጣብቀዋል። በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ የልብስ ሳሙና አርጥቢው፣ በደረቅ ፎጣ እየጫንሽ አስመጥጪው። አትፈትጊው። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሚ። ከዚያ በሮቹን ከፍተሽ በደረቅ ቀን አናፍሺው። ሽታው ካልሄደ ወተቱ ስፖንጁ ውስጥ ነው። ያኔ ልብሱ መውለቅ አለበት። የራስ መደገፊያ ላይ ቅቤ ያስቸገራችሁ ደግሞ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሞክሩት፤ ቅባት ማንሳት ስራው ነው።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ዲኤክስ ኮሮላዬ ከጥንት ከነጨርቁ ናት፤ ግን ስቀመጥ ወደ ውስጥ እሰምጣለሁ። ልጆቼ ሌዘር እናልብስልህ አሉኝ።

ጋሼ፣ ልጆችዎን ያመስግኑልኝ፣ ግን የታመመው ልብሱ አይደለም። ስፖንጁ ነው ያለቀው። ስፖንጅ በዓመታት ውስጥ ይፈርሳል፣ ይደቃል። ከስሩ ያለው ሽቦም ይረግባል። ከላይ ምንም ቢያለብሱት መስመጥዎ አይቀርም። እንዲያውም ሌዘሩ ከስሩ የሚደግፈው ሲያጣ ይጨማደድና ቶሎ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ልብሱ በጥንቃቄ ይውለቅ፣ ይታጠብ። ሽቦው ይጠገን፣ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ይግባ። ከዚያ ያው ጨርቅ ይመለስ። የድሮ ጃፓኖች ጨርቅ ዛሬ ከሚሸጠው ብዙው ይሻላል። ቀዶ የሚጥል ባለሙያ ካገኙ ቁልፍዎን ተቀብለው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ጨርቅ ግን የድሃ አይመስልም?

ይህን የጠየቅከኝ ወንድሜ ሆይ፣ ታሪኩን ልንገርህ። በጥንቶቹ ቅንጡ መኪናዎች ሹፌሩ የሚቀመጠው ዝናብና ፀሐይ በሚመታው ፊት ነበር። ስለዚህ ለእሱ ቆዳ ይደረግለታል፤ ይችላልና። ጌታው ከኋላ በተዘጋው ክፍል ጥሩ ሱፍ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል። ቆዳ የሰራተኛው ነበር ማለት ነው።

ጃፓን ይህን እስካሁን አልረሳችም። እ.ኤ.አ. በ2006 ለንጉሠ ነገሥቱ የተሰራው ቶዮታ ሴንቸሪ ሮያል ከፊት፣ ለሹፌሩ ወገን ቆዳ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የሚቀመጥበት የኋላው ሱፍ ጨርቅ ነው። ሱፍ ሲነኩት አይቀዘቅዝም፣ ሲንቀሳቀሱበትም አይንጫጫም። አንተ ከንጉሠ ነገሥት ከበለጥክ ሌዘር አድርግ።

ቀልዱን ልተወውና፣ ስትሸጠው ሌዘር ዓይን ይይዛል። አሜሪካ ያላችሁም ይህንኑ ጽፋችኋል። እውነት ነው። ግን የተላጠ ሌዘር ከንጹህ ጨርቅ ያነሰ ዋጋ ያመጣል።

ጥያቄ፦ በቆዳ የታወቅን አገር ነን። ለምን በራሳችን የበግ ቆዳ አታለብሱም?

የደጋ በጋችን ቆዳ የታወቀው ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ነው። ለጓንትና ለጃኬት ተወዳዳሪ የለውም። ወንበር ግን ሰው እየተንሸራተተ የሚገባበትና የሚወጣበት ነገር ነው። ወደ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ያለውና ሰፊ የከብት ቆዳ ይፈልጋል። አንዲት ትንሽ የበግ ሌጦ ስንት ቦታ ተቀጣጥላ ትሰፋለች? የከብቶቻችን ቆዳ ደግሞ መዥገር፣ የእሳት ምልክትና ሲገፈፍ ቢላ ያሳረፈው ጭረት ይበዛበታል። እንከን የሌለው ሰፊ ቁራጭ ማውጣት ከባድ ነው። ማርሽ መያዣና መሪ ግን በበግ ቆዳ ለብሶ አይቻለሁ። እጅ ላይ ቅቤ ነው።

ጥያቄ፦ አልካንታራስ?

ቆዳ የሚመስል የጣሊያን ጨርቅ ነው፤ ከፖሊስተርና ከፖሊዩሬቴን የሚሰራ። ቆንጆ ነው። በእኛ አቧራ ግን ወዙን ቶሎ ያጣል። ገበያ ላይ በስሙ የሚሸጠው ብዙው ደግሞ እሱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ነገ ታፒሰሪ ቤት ልሄድ ነው። ምን ልጠይቃቸው?

ጥቅሉን አሳዩኝ በል። ጥግ ላይ ያለውን ጫፍ አጥፈህ በጥፍርህ ጫነው። ነጭ መስመር ከተወ ወይም ከተሰነጠቀ ተወው። በሁለት እጅህ ይዘህ ሳበው፤ ትንሽ ተለጥጦ የሚመለስ ይሁን። ከዚያ ባለፈው ዓመት ያለበሱትን መኪና እንዲያሳዩህ ጠይቅ። ትናንት ያለቀውን አትይ፤ ትናንት ያለቀ ሁሉ ያምራል። ክሩ የጥጥ ይሁን የናይሎን ጠይቅ፤ ጥጥ ከሆነ በፀሐይ ይበሰብሳል። ስለ ጎን ኤርባግ ስትጠይቃቸው «ምን አገባው?» ካሉህ መኪናህን አስነስተህ ሂድ። ሻይ ጋብዘውህ ከሆነ ሻይህን ጨርሰህ።