ቀዩ ቀስቴ የት ገባ? እና ሌሎች የከርሰር ጥያቄዎች

ሰሞኑን የማውስ ቀስት (ከርሰር) ጥያቄ በዛብኝ። ዛሬ እሱኑ ልጨርሰው።

«ቀስቱን ቀይ ቀባሁት፣ ላፕቶፔ ላይ ያምራል። ፋይሉን ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ስጭነው ግን የድሮው ነጭ ነው። ምን ነካው?»

ምንም አልነካው፣ አንዱን ብቻ ስለቀባህ ነው። የከርሰር ፋይል አንድ ስዕል ይመስላል እንጂ ሆዱ ውስጥ በመጠን የሚለያዩ ብዙ ስዕሎች ይዟል፦ 32 በ32 ፒክስል (ስዕሉ የተሠራባቸው ትናንሽ ነጥቦች)፣ 48 በ48፣ 64 በ64፣ አንዳንዱ 96 እና 128ም አለው። ዊንዶውስ የስክሪኑን ስኬል፣ ማለትም ነገሮችን ስንት ፐርሰንት አጉልቶ እንደሚያሳይ፣ አይቶ የሚመጥነውን ያወጣል፤ 100 ፐርሰንት ላይ 32ቱን፣ 150 ላይ 48ቱን፣ 200 ላይ 64ቱን። ያንተ 100 ላይ ነው፣ የወንድምህ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሁሉንም ቀባቸው።

«ታዲያ ትልቁን 128 ብቻ ሠርቼ ሌላውን ኮምፒውተሩ ራሱ ቢያሳንሰውስ?»

እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የማስበው፣ ስንፍና ነዋ። ችግሩ፣ 128ቱ ላይ አንድ ፒክስል የሆነችው ጥቁር ጠርዝ ወደ 32 ስትወርድ የፒክስል ሩብ ትሆናለች፣ የፒክስል ሩብ ደግሞ የለም፤ ስለዚህ ግራጫ ጭጋግ ሆና ትቀራለች። ከትልቁ ጀምሪ፣ አሳንሺው፣ ከዚያ 32ቱን አጉልተሽ ፒክስል በፒክስል በእጅሽ አጽጂው። 64ቱ ያን ያህል አያስቸግርም።

«64ቱን ከቀየርኩ ወዲህ የምጫነው ሌላ፣ የሚከፈተው ሌላ ሆነብኝ።»

ሆትስፖቱ ነው፣ ማለትም ክሊክ የምታደርገው ነጥብ። እያንዳንዱ መጠን የራሱ አለው! 32ቱ ላይ መሃሉ 16 እና 16 ከሆነ፣ 64ቱ ላይ 32 እና 32 መሆን አለበት። ቁጥሩን ሳትነካ ስዕሉን ብቻ ካሳደግህ ነጥቡ ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ይጠጋል። ቆጠራው ከግራ ከላይ፣ ከ0 ነው የሚነሳው። ጫፉ እዚያው ጥግ ላይ ላለ ቀስት ይሄ አያሳስብም፣ 0 እና 0 የትም 0 እና 0 ነው፤ የሚያናድደው የመስቀልና የእጅ ቅርጽ ያለው ከርሰር ነው።

«አይኮን ፋይል አለኝ፣ ስሙን ቀይሬ ከርሰር ባደርገውስ?»

አይሆንም። ሁለቱ መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ግን ፋይሉ መጀመሪያ ላይ አይኮን 1፣ ከርሰር 2 ተብሎ ተጽፏል፣ የሆትስፖቱም ቦታ አይኮኑ ውስጥ በሌላ ቁጥር ተይዟል። በኤዲተር ከፍተህ ከርሰር ብለህ ሴቭ አድርገው።

«በምን ልሥራው?»

ፔይንት አያወጣህም። ሪልወርልድ ከርሰር ኤዲተር ወይም ግሪንፊሽ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ብቻ ዋናውን ፋይል ኮፒ ሳታደርግ እንዳትነካው፣ እባክህ።